ከባድ ዕቃ ስለ ማንሣትና ስለ ማውረድ

(ለገበሬዎች የተሰጠ ንግግር)



  ዛሬ ማታ ፊደል አንቆጥርም። ዛሬ የምንነጋገረው ሐሙስ ስለሚሠራው ሥራ ነው።

ሁላችሁም እንደምታውቁት የወፍጮው ሞተር መጥቷል። መኪናው መንገድ እስካለበት ድረስ አምጥቶ፣ ከመንገዱ ዳር አራግፎት ሄዷል። ሞተሩ የሚተከልበት ቤት ግን ከታች፣ ከወንዙ ማዶ ነው። በመካከሉ ቁልቁለት አለ። ከቁልቁለቱ በታች ወንዝ አለ። ከወንዙ በኋላ ትንሽ ዳገት አለ። ሐሙስ በደቦ እናወርደዋለን ተብሏል። ጠላም ተጠምቋል። ጎረምሶቹ "ምን ችግር አለው፣ ተሸክመነው እንገባለን እንጂ!" ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ልናገር የፈለግሁት ስለዚሁ ነው።

አምና የወፍጮው ድንጋይ በዚሁ ቁልቁለት ሲወርድ እኔ አልነበርሁም። የሆነውን ግን ሰምቻለሁ። ከመካከላችን የተቀመጡ አንድ አባት የግራ እግራቸውን ሦስት ጣቶች ያጡት ያን ቀን ነው። ዛሬ ከመናገሬ በፊት ቤታቸው ሄጄ "አባባ፣ የእርስዎን ነገር ላንሣው ወይ?" ብዬ ጠየቅኋቸው። "አንሣው፤ ድንጋዩን ከማንሣት ይቀላል" አሉኝ። ቀጥለውም እንዲህ አሉኝ፦ "ድንጋዩ የመታኝ ስንጎትተው አይደለም። ከደረስን በኋላ ነው። ሁሉም 'እሰይ!' ብሎ ገመዱን ሲለቅ እኔ እግሬን ገና አላወጣሁም ነበር።"

ይህን ቃላቸውን ያዙልኝ። ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

እኔ የወፍጮ ሊቅ አይደለሁም፤ ተማሪ ነኝ። ነገር ግን አንድ አጎት አለኝ። ይህ አጎቴ ከወጣትነቱ ጀምሮ እንጀራውን የበላው ከባድ ዕቃ በማንሣትና በማውረድ ነው። ትልልቅ ሕንፃ በሚሠራበት ቦታ ክሬን የሚባል መሣሪያ አለ። ረጅም የብረት ክንድ አለው። ከክንዱ ጫፍ ገመድ ይወርዳል፤ ከገመዱ ጫፍ መንጠቆ ተንጠልጥሏል። ክሬኑን የሚነዳው ሰው ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ዕቃውን የሚያስረው፣ የሚታሰርበትን ገመድ የሚመርጠው፣ "አንሣ"፣ "አውርድ"፣ "ቁም" እያለ በእጁ ምልክት የሚሰጠው ግን ሌላ ሰው ነው። እሱ ከታች፣ ከዕቃው ጋር ነው። ይህን ሰው በሥራው ቦታ ሪገር ይሉታል። ቃሉ የፈረንጅ ነው። በእኛ ቋንቋ ጭነት አሳሪ ብንለው ይገባናል።

እኔም ሁለት ክረምት ከአጎቴ ጋር ሠርቻለሁ። ለትምህርቴ ገንዘብ ላጠራቅም ብዬ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሥራ ምን እንደነበረ ልንገራችሁ። አንድ ትልቅ የውኃ ታንከር መሬት ላይ ተኝቷል። አጎቴ "እዚያ ተቀመጥና እየው" አለኝ። ተቀመጥሁ። አየሁት። ጥቂት ቆይቶ መጣና "ምን አየህ?" አለኝ። "ታንከር" አልሁት። "እንግዲያው ገና አላየኸውም" ብሎኝ ሄደ። ተናደድሁ። ሁለተኛ ሲመጣ ግን ታንከሩ በአንድ ጎኑ ወፍራም ቧንቧ እንዳለው፣ ያም ጎን ከሌላው ይልቅ ጭቃው ውስጥ እንደሰጠመ አይቼ ነበር። ነገርሁት። "አሁን ገመድ አምጣ" አለኝ።

አጎቴ ማንኛውንም ዕቃ ከመንካቱ በፊት "ስንት ነው?" ይላል። "ከባድ ነው" የሚል መልስ አይቀበልም። ቁጥር ይፈልጋል። የኛ ሞተር ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ትናንት ከማታው ክፍል ሁለት ሰዎች ይዤ ወደ ሞተሩ ሄጄ ነበር። በጎኑ ላይ አንዲት ትንሽ የብረት ሰሌዳ ተለጥፋለች። ከሁለቱ አንደኛዋ እናት ጭቃውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ቁጥሩን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት፦ 650። ከቁጥሩ አጠገብ ያለው የፈረንጅ ፊደል ኪሎ ማለት ነው። 650 ኪሎ ስድስት ኩንታል ተኩል ነው። እኒህ እናት ትምህርት ስንጀምር 6ን ከ9 አይለዩም ነበር። አሁን እሳቸው ባነበቡት ቁጥር ነው ስንት ሰውና ምን ዓይነት ገመድ እንደሚያስፈልግ የምንቆርጠው።

እስቲ አብረን እናስላ። አንድ ጠንካራ ሰው ግማሽ ኩንታል ይዞ ቁልቁለት ይወርዳል እንበል። እንግዲያው 650 ኪሎ 13 ሰው ይፈልጋል። ግን 13 ሰው በሞተሩ ዙሪያ የሚቆምበት ቦታ የለም። ቢበዛ ስድስት ሰው ይይዘዋል። ለእያንዳንዱ ከአንድ ኩንታል በላይ ይደርሰዋል ማለት ነው። አንዱ ቢያዳልጠውስ? የሱ ሸክም ለአምስቱ እኩል የሚከፋፈል ይመስላችኋል። አይደለም። የሚያርፈው ከአጠገቡ ባሉት በሁለቱ ላይ ነው። እነሱም ይወድቃሉ። እንግዲህ "ተሸክመነው እንገባለን" ያላችሁ ወንድሞቼ አትቀየሙኝ። ጉልበታችሁን አልናቅሁም፤ ሂሳቡ ነው እንቢ ያለው።

ቁጥር ያልተጻፈበት ዕቃም ቢሆን ይሰላል። ርዝመቱ አንድ ሜትር፣ ወርዱ አንድ ሜትር፣ ጥልቀቱም አንድ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ብትቆፍሩና ውኃ ብትሞሉት፣ ውኃው 10 ኩንታል ይመዝናል። በዚያው ልክ የተጠረበ ጥቁር ድንጋይ ግን ከ25 ኩንታል በላይ ነው። ድንጋይ ዓይንን ያታልላል።

አባቶቻችን ይህን ሳያውቁ አልቀሩም። አክሱም ላይ ከቆሙትና ከወደቁት ሐውልቶች ትልቁ ርዝመቱ 33 ሜትር ገደማ ነው። ክብደቱ ከ500 ቶን ይበልጣል። አንድ ቶን 10 ኩንታል ነውና ከ5,000 ኩንታል በላይ ማለት ነው። ይህ ሁሉ አንድ ወጥ ድንጋይ ነው! ዛሬ ግን ተሰባብሮ መሬት ላይ ተኝቷል። የጥንት ነገር የሚመረምሩ ሊቃውንት ሲያቆሙት ሳለ የወደቀ ይመስላቸዋል። ሁለተኛው ሐውልት 24 ሜትር ገደማ ነው። እሱን የፋሺስት ኢጣልያ ጦር በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮም ወስዶት ነበር። በ1997 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ተመለሰ። በሦስት ተከፍሎ፣ አንቶኖቭ በሚባል ግዙፍ አውሮፕላን፣ በሦስት ጉዞ ነው የመጣው። ከመጣ በኋላ ቆሞ የተመረቀው በ2000 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ነው። አስቡት እንግዲህ፤ ክሬን እያለ፣ መሐንዲስ እያለ፣ ከሦስት ዓመት በላይ! እኔ ይህን ስሰማ መጀመሪያ ስንፍና መስሎኝ ነበር። አጎቴ ግን "ያ ነው ሥራ" አለ።

አሁን ወደ ሞተራችን እንመለስ። ክብደቱን አወቅን። ቀጥሎ ክብደቱ የት እንዳለ ማወቅ ነው። ይህን እኔ ለናንተ አላስተምርም፤ ከኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። አህያ ስትጭኑ በግራ አንድ ስልቻ፣ በቀኝ አንድ ስልቻ ታደርጋላችሁ። አንዱ ከከበደ ጭነቱ ያጋድላል፣ አህያዋም ገደል ትገባለች። ሞተሩም እንደዚያው ነው። ትልቁ የብረት መንኰራኩር ያለው በአንድ ጎን ነው። ስለዚህ የሞተሩ ክብደት መካከሉ ላይ አይደለም፤ ወደ መንኰራኩሩ ያደላል። በመካከሉ ብናስረው ወደዚያ ጎን ይጋደማል።

ስለ ገመድ ደግሞ ጥቂት ልበል። በየቤታችሁ መጫኛ አለ። ጥሩ ጠፍር ነው፣ አህያና በቅሎ ይጭናል። ለሐሙስ ግን ማንም ሰው ከቤቱ ያለውን አምጥቶ እንዳይቀጣጥል እለምናለሁ። የተቀጠለ ገመድ ቋጠሮው ባለበት ላይ ይደክማል፤ ብርታቱ እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ገመድ በዓይን ብቻ አይታይም። አጎቴ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጁ እየዳሰሰ ነው የሚያየው። የሻከረ፣ የሳሳ፣ የተቃጠለ ወይም ውስጡ የጠቆረ ቦታ ካገኘ እዚያው ይቆርጠዋል። "ለምን ትቆርጠዋለህ፣ ለሌላ ሥራ ይሆናል" ስለው፣ "ካልቆረጥሁት ነገ አንዱ አንሥቶ ያስርበታል" ይለኛል። ደግሞ ገመድ በሹል ብረት ጠርዝ ላይ አይታሰርም። ከጠርዙና ከገመዱ መካከል ቁርበት ወይም የታጠፈ ጆንያ ይደረጋል።

አሁን ገበያ የሚሸጠው የናይለን ገመድ ጠንካራ ነው። ግን ጠባዩን እወቁት። ሲስቡት ይለጠጣል። ሲበጠስ ደግሞ እንደ ቡሄ ጅራፍ ተመልሶ ይመታል። ጅራፉ ግን ጣት የሚያህል ገመድ ነው። ስለዚህ በተወጠረ ገመድ መሥመር ላይ ማንም አይቆምም። ገመድ ተሻግሮ መሄድም የለም። ገመድ በእጅ ላይ መጠምጠም ጭራሽ የለም! እጁን የጠመጠመ ሰው ልልቀቅ ቢል እንኳ አይችልም።

አንድ ነገር ደግሞ በሥራ ላሳያችሁ። (እዚህ ላይ ሁለት ልጆች ተነሥተው ውኃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን መካከሉ ላይ በታሰሩ ሁለት ገመዶች አነሡ።) አሁን ተጠጋግተው ሲይዙት አልከበዳቸውም። እያንዳንዱ ግማሹን፣ 10 ኪሎውን ብቻ ነው የያዘው። እስቲ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ራቁ። አያችሁ? ጀሪካኑ አልጨመረም፤ ውኃው ያው ነው። ልጆቹ ግን እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ነው። ሁለቱ ገመዶች እየተራራቁ በሄዱ ቁጥር እያንዳንዱ ገመድ የሚይዘው ይጨምራል። በጣም ከተራራቁ እያንዳንዱ ገመድ የዕቃውን ሙሉ ክብደት፣ ከዚያም በላይ ይይዛል። እንግዲህ ዕቃ በሁለት ገመድ ሲታሰር ገመዶቹ ረዘም ብለው ወደ ላይ መገናኘት አለባቸው። በአጭር ገመድ እንደ ልብስ መስጫ ከተወጠረ ይበጠሳል። ልጆች፣ አውርዱት፤ ቀስ ብላችሁ። እግራችሁን አርቁ። ጎበዝ።

አሁን ወደ ትልቁ ነገር ልምጣ። እሱም ቁልቁለት ነው።

ብዙ ሰው አስቸጋሪው ዳገት ይመስለዋል። ዳገት ላይ ዕቃው ይከብዳል፣ ሰው ይደክማል፣ ያቃስታል። ግን ሲደክመው ሽብልቅ ከሥሩ አስገብቶ ያርፋል። ቁልቁለት ላይ ግን ዕቃው ራሱ መሄድ ይፈልጋል። ሰው አይደክመውም፤ ቀላል ይመስለዋል። ሰው የሚሞተው በዚህ ጊዜ ነው።

የዐፄ ቴዎድሮስን መድፍ የማያውቅ የለም። ሴባስቶፖል ነው ስሙ። ከደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ ንጉሡ ያሠሯቸው የነበሩ አውሮፓውያን ባለሙያዎች ናቸው ያቀለጡት። ክብደቱ 7 ቶን ገደማ፣ ማለትም 70 ኩንታል ነው። የእኛን ሞተር አሥር እጥፍ ይበልጣል። የእንግሊዝ ጦር ሊመጣባቸው ሲል ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። መድፉን በሠረገላ ላይ አድርገው፣ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ነው የሄዱት። መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ወር ነው። ቀላል ጓዝ የያዘ መንገደኛ በጥቂት ቀኖች የሚጨርሰውን መንገድ ስድስት ወር ገደማ ፈጀባቸው።

ለምን ይህን ያህል ጊዜ? ሠረገላ የሚሄድበት መንገድ አልነበረማ። መንገዱን እየሠሩ ነው የሄዱት። ድንጋዩን እየፈነቀሉ፣ ዛፉን እየቆረጡ፣ ጎድጓዳውን እየደለደሉ። በዐይን ያዩ ሰዎች እንደጻፉት ንጉሡ ራሳቸው ከማለዳ እስከ ማታ ከሠራተኛው ጋር ሆነው በእጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። ከደላንታ ወደ በሽሎ ወንዝ የሚወርደውን ገደል ያየ ሰው ካለ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። በግ እንኳ ተጠንቅቃ ነው የምትወርደው። 70 ኩንታል መድፍ በዚያ ወረደ! በወዲያው በኩል ደግሞ ወጣ። መድፉ ጦርነቱን ለንጉሡ አላሸነፈላቸውም፤ ያ ሌላ ታሪክ ነው። መድፉ ግን እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ አለ። አምሳያውም አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆሟል።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ ስለ ጎታቾቹ ብርታት ያወራል። እኔ ግን የምደነቀው በመንገዱ ነው። ንጉሡ ጊዜውን ያጠፉት በመጎተት ላይ አይደለም፤ ዕቃው የሚሄድበትን በማበጀት ላይ ነው። ጠላት እየመጣባቸው እንኳ መንገዱን ሳያበጁ መድፉን አላንቀሳቀሱም። እኛ ጠላት የለብንም። የሚያቻኩለን ጠላው ብቻ ነው።

ስለዚህ ሐሙስ በፊት፣ ረቡዕ ቀኑን ሙሉ፣ መንገዱን እናበጃለን። ልቅ ድንጋይ ይለቀማል። በአህያ መውረጃው ላይ ያለው ትልቁ ጉድፍ ይደለደላል። ሞተሩ በሰው ትከሻ አይሄድም፤ በሸርተቴ ይሄዳል። ሁለት ወፋፍራም ግንድ ጎን ለጎን እናደርጋለን። በላያቸው አግዳሚ እንጨት እንመታለን። ሞተሩን በላዩ እናስረዋለን።

ቁልቁለቱን ሲወርድ ከፊት የሚጎትት ሰው አይኖርም። አንድም ሰው! ከሸርተቴው በታች ሰው የለም። ሁሉም ከላይ ሆኖ ነው የሚይዘው። ከቁልቁለቱ ራስ ላይ ያለውን ትልቁን ወይራ ታውቁታላችሁ። ገመዱ በወይራው ግንድ ላይ ሦስት ጊዜ ይጠመጠማል። ጫፉን ሁለት ሰዎች ይይዛሉ። ገመድ በግንድ ላይ ሲጠመጠም ግንዱ ራሱ ይይዘዋል፤ ፍትጊያው ነው የሚይዘው። እልኸኛ ወይፈን ስታስሩ ገመዱን ግንድ ላይ አንድ ሁለት ጊዜ አዙራችሁ ጫፉን በአንድ እጅ ትይዙት የለም እንዴ? ያው ነው። አሥር ሰው በባዶ እጁ የማይዘውን ሁለት ሰው ይይዘዋል። ጫፉን ጥቂት ጥቂት ሲለቁለት ሸርተቴው ጥቂት ጥቂት ይወርዳል። ከወይራው በታች ደግሞ ሌላ ዛፍ አለ። ገመዱ ሲያልቅ ሸርተቴው በሽብልቅ ይቆማል፤ ገመዱ ወደ ታችኛው ዛፍ ይዛወራል። ይህ ጊዜ ይወስዳል። ይውሰድ።

"ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ይባላል። እውነት ነው። ግን ሎሚ ይከፋፈላል። ሞተር አይከፋፈልም። ሃምሳ ሰው አንድ ዕቃ ይዞ አንዱ "ሳብ!"፣ አንዱ "ቆይ!"፣ ሌላው "ወደ ቀኝ!" ካለ ሃምሳ መሆኑ ራሱ አደጋ ነው። ስለዚህ ድምፅ የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ነው። በደቦ ዘፈን አውራጁ ደስ ይላል፣ ጉልበትም ይሰጣል። ግን ዘፋኙ ሞተሩን የማያይ ከሆነ ዘፈኑ ዳገቱ ላይ ይሁን። ቁልቁለቱ ላይ ዝም እንበል። የወንዙ ድምፅ ቃል ሊያጠፋ ስለሚችል በእጅም እንናገራለን። እጅን ወደ ጎን ዘርግቶ፣ መዳፍን ወደ መሬት አድርጎ፣ ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ "ቁም" ማለት ነው። በአጎቴ ሥራ ቦታ "አንሣ" እና "አውርድ" የሚለው አንድ ሰው ነው። "ቁም" ግን ማንም ሰው ማለት ይችላል። ውኃ የምታቀብል ልጅ እንኳ አደጋ ካየች "ቁም" ትላለች፤ ሥራው ይቆማል። ለምን አልሽ ተብላ አትቆጣም። እኛም እንዲሁ እናድርግ።

አሁን እኒያ አባት ወዳሉኝ ቃል ልመለስ። "የመታኝ ከደረስን በኋላ ነው" ያሉት።

በሁለተኛው ክረምት አንድ ቀን አጎቴ አሞት ቀርቶ ነበር። በሥራው ቦታ ረጃጅም የብረት ቧንቧዎች ከመኪና ላይ ይወርዱ ነበር። እንደ ልማዱ ሁለት ሁለት እንጨት መሬት ላይ ይነጠፋል፤ ቧንቧው በእንጨቶቹ ላይ ያርፋል፤ በግራና በቀኝ ሽብልቅ ይደረግበታል፤ ከዚያ በኋላ ነው ገመዱ የሚፈታው። ያን ቀን ግን ጥድፊያ ነበር። አለቃው "ቶሎ በሉ፣ ክሬኑ በሰዓት ነው የሚከፈለው!" እያለ ይጮህ ነበር። አንድ ቧንቧ በሰላም ወረደ። መሬት ነካ። ገመዱ ላላ። ሁሉም እፎይ አለ። አንድ ልጅ፣ የኔው እኩያ፣ ገመዱን ሊፈታ ሮጠ። ሽብልቁ ግን ገና አልገባም ነበር። ገመዱ ሲፈታ ቧንቧው ዞረ።

ልጁ በሕይወት አለ። አንድ እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች ተቆርጧል። አለቃው "ቸኩሎ ነው፣ የራሱ ጥፋት ነው" አለ። በወረቀትም እንዲያ ብሎ ጻፈ። እኔ ግን ያን ቀን ጠዋት ማን እንዳቻኮለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሌላም ነገር አለ። ሽብልቁን እንዳመጣ የተላክሁት እኔ ነበርሁ። ይዤው እየመጣሁ ነበር። ሃያ እርምጃ ያህል ይቀረኝ ነበር። "ቁም!" ብዬ መጮህ እችል ነበር፤ ልጁ ወደ ገመዱ ሲሮጥ አይቼዋለሁና። አለቃው ይቆጣል ብዬ ዝም አልሁ።

አጎቴ ሲመለስ ነገርሁት። አልተቆጣኝም። "ዕቃ መሬት ስለነካ አላረፈም። ሽብልቅ ሲገባለት ነው የሚያርፈው" ብቻ አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሥራ ቦታ ሽብልቅ ሳይኖረኝ ቆሜ አላውቅም። (ይኸው ዛሬም ይዤ መጥቻለሁ፤ የወይራ ነው። እየተቀባበላችሁ እዩት።)

ለሐሙስ እንዲህ ብናደርግስ እላለሁ። ሕፃናት ከወይራው በላይ ይቀመጡ፤ እናቶች አንድ ሰው ይመድቡላቸው። ገመዱን ረቡዕ ማታ እኔና ሁለት ሰዎች በእጃችን ዳሰን እናያለን። ወንዙ ጋ ስንደርስ እናርፋለን፤ ውኃው ከጉልበት በታች ካልሆነ አንሻገርም፣ እስኪጎድል እንጠብቃለን። ጠላው የሚቀዳው ሞተሩ ከመሠረቱ ላይ ተቀምጦ፣ ብሎኑ ከጠበቀ በኋላ ነው። በዚህ ላይ ማጉረምረም እንዳለ አውቃለሁ።

ድምፅ የሚሰጠው ሰው ማን ይሁን የሚለውን ትናንት ከሽማግሌዎቹ ጋር ተነጋግረናል። እኒያ አባት "እኔ ልሁን" ብለዋል። "መጎተት አልችልም፣ መጮህ ግን እችላለሁ" ነው ያሉት። ሁሉም ተስማምቷል።

የሽብልቅ ያዦቹን ሁለት ሰዎች ግን እስካሁን አልመረጥንም። ሥራቸው ከሸርተቴው ጎን ጎን መሄድ ነው፤ ከፊቱ አይደለም። ድምፅ ሰጪው "ቁም" ባሉ ጊዜ ከሁለቱም ግንድ ሥር ማስገባት አለባቸው። ገመድ አይነኩም፤ ሌላ ሥራም አይሠሩም። ዓይናቸው ቶሎ የሚያይ፣ ቢቆጧቸውም የማይቸኩሉ ሰዎች ቢሆኑ ይሻላል። ወንድ ይሁኑ ሴት ይሁኑ ለውጥ የለውም። አሁኑኑ እንምረጣቸው። ፈቃደኛ የሆናችሁ እጃችሁን አንሡ።